ምርቃቱ ስንት ነው?

እናቴን ተከትዬ ሾላ ገበያ፣ እህል ተራ በሄድኩ ቁጥር አንድ ቃል እሰማ ነበር፤ ‹‹መርቂልኝ››። ምስር የምትሸጠዋ ሴት ጣሳዋን ሞልታ፣ አናቱን በእጇ ከምራ እናቴ ዘንቢል ውስጥ ትገለብጣለች። እናቴ ከቆመችበት ንቅንቅ አትልም። ‹‹መርቂልኝ እንጂ!›› ስትላት ሴትየዋ አንድ እፍኝ ትጨምርና ‹‹በይ ተባረኪ›› ትላታለች። ያቺ እፍኝ ዋጋ የላትም። ዋጋ ከወጣላት ምርቃት መሆኗ ይቀራል። እናቴ ግን ከምርቃቱ በፊት የምታየው ሌላ ነገር ነበር፤ ጣሳውን ገልብጣ ቂጡን ትመረምራለች። ቂጡ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ ጣሳ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ሲሰፍሩበት ግን አንድ ጭብጥ ያጎድላል። እንዲህ ያለ ጣሳ የያዘችን ሻጭ እናቴ ዳግመኛ አትደርስባትም።

ምርቃቱንና የተቀጠቀጠውን ጣሳ ያነሳሁት ስለ ቪዲዮ ጌም ልጽፍ ነው። ጌም ሠሪዎች ጨዋታውን ከሸጡ በኋላ ተጨማሪ ታሪክ፣ ተጨማሪ ተጫዋች፣ ተጨማሪ ልብስ በኢንተርኔት እያወረደ እንዲገዛ ለተጫዋቹ ማቅረብ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ንግዱ በምህጻር ዲኤልሲ ይባላል። ተጫዋቹን ይበድላል ወይስ አይበድልም የሚለው ክርክር እስከ ፍርድ ቤትና ፓርላማ ደርሷል። የካ ላደግን ልጆች ግን ነገሩ የመጣብን በሌላ በኩል ስለሆነ፣ ታሪኩን እኛ ካየንበት ቦታ ተነስቼ እተርከዋለሁ።

ከጌም ቤት በፊት ጆተኒ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከየካ ሚካኤል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የላስቲክ ዳስ ተጥሎለት፣ እግሮቹ በድንጋይ ተደግፈው የቆመ አንድ ጆተኒ አስታውሳለሁ። ዘንጎቹ ግራሶ ይሸታሉ። የእንጨት ተጫዋቾቹ ቀለማቸው ለቆ የትኛው ቀይ፣ የትኛው ሰማያዊ እንደነበረ የምናውቀው በልማድ ነው። ሳንቲም ስንከፍል ኳሶቹ ተቆጥረው ይሰጡናል፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቆያል። ከእንጦጦ የባህር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ወገባቸው ታጥፎ ሲደርሱ ዘንጉን ለቀን መንገድ እንሰጣቸዋለን። ከሸክሙ ሥር ፊታቸው አይታይም ነበር። ያንን ያየ ልጅ ኪሱ ውስጥ ያለችው ሳንቲም ከየት እንደመጣች ያውቃል፤ ለጨዋታ የሚከፈል ገንዘብ ቀላል ገንዘብ አይደለም ብዬ የማምነው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

ፕሌይስቴሽን ዘግይቶ ደረሰን። የመጀመሪያው ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2000 ነው። እኛ ሰፈር የገባው ግን ሁለተኛው ነው፣ እሱም በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ በእኛ አቆጣጠር። ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አራት ቴሌቪዥን ተደረደረ፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር ተዘረጋ፣ መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በካርቶን ተደፈነ፤ ጌም ቤት ሆነ። ባለቤቱን ሁላችንም ‹‹ጋሼ›› ነበር የምንለው። ሜሞሪ ካርዶቹን ክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጎ ደረት ኪሱ ይይዛቸዋል፤ የሰፈሩ ሊግ ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።

የጋሼ ሕግ ተጽፎ አያውቅም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ጨዋታ አንድ ብር ነው። እኩል ከወጣችሁ ጭማሪ ሰዓቱም ፔናልቲውም ከዚያችው ብር ውስጥ ነው፤ ‹‹ጨዋታው እስኪያልቅ ነው የከፈልከው›› ይል ነበር። ጆይስቲኩ ከተበላሸ ጨዋታው ይደገማል። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ትንሽ ልጅ ከትልቅ ጋር ከተጫወተ ግን ትልቁ ይከፍላል። በኋላ በ2001 ዓ.ም. ግድቦቹ ውኃ አጥሯቸው መብራት በፈረቃ ሲሆን አንድ አንቀጽ ተጨመረ፤ መብራት ከጠፋ ጨዋታው አይቆጠርም፣ ብሩ ይመለሳል። 3 ለ 0 እየመራ መብራት የጠፋበት ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ጋሼ ግን ብሩን መለሰ። ስለ ጨዋታ ንግድና ስለ ፍትሕ ማንም ሲናገር ከመስማቴ በፊት ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ያየሁት በዚያ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ አይገባኝም። ያ ቤት የቆመው በኮፒ ሲዲ ላይ ነበር። ማሽኖቹ ተከፍተው ቺፕ ተበይዶባቸዋል፤ ሲዲዎቹ ላይ የኳስ ጨዋታው ስም በማርከር ‹‹ፔስ 6›› ተብሎ ተጽፏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ከዚያች አንድ ብር ውስጥ ለጨዋታው ሠሪዎች የደረሰ ነገር የለም። የዘፋኞቻችንን ካሴት እያባዙ የሚሸጡትን እየረገምን እኛም ያንኑ እናደርግ ነበር። ኦሪጅናሉን የሚሸጥልን ሱቅ አለመኖሩ ነገሩን ያስረዳል እንጂ ንጹሕ አያደርገንም። ሠሪዎቹ በደሉን ስል እኛም ባለዕዳ እንደነበርን እያወቅሁ ነው።

እኛ በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳለን ውጭ አገር ንግዱ እየተለወጠ ነበር። ተጨማሪ ክፍል ማዘጋጀት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ከወጣ ከወራት በኋላ ተጨማሪ ዘመቻ የያዘ ሲዲ በካርቶን ይሸጥ ነበር። በነጻ የሚሰጡም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ‹ቶታል አናይሌሽን› የተባለ የጦርነት ጨዋታ ሠሪዎች አዳዲስ የጦር መሣሪያዎችን በየጊዜው በኢንተርኔት ይለቁ ነበር፣ ያለ ክፍያ። ይህ የሾላዋ ሴት እፍኝ ነው።

ኢንተርኔቱ ሲፈጥንና ማሽኖቹ ከገንዘብ ካርድ ጋር ሲገናኙ እፍኟ ዋጋ ወጣላት። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360ን እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ሲያወጣ ከማሽኑ ጋር በነጥብ የሚገዛበት ሱቅ ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ ‹ኦብሊቪየን› ለተሰኘው ጨዋታው የፈረስ ጥሩር አቀረበ። ተጫዋቹ የሚጋልበው ፈረስ የሚለብሰው የብረት ልብስ ነው። ዋጋው 200 ነጥብ፣ ማለትም 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ጨዋታውን በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች ‹‹ለጌጥ ደግሞ?›› ብለው ተቆጡ። ተቆጥተውም ግን ብዙዎቹ ገዙት፤ ነጋዴዎቹም ያዩት ቁጣውን ሳይሆን ሽያጩን ነው። ዛሬም ድረስ ስለ ዲኤልሲ የሚጽፍ ሁሉ ከዚያ ፈረስ ሳይነሳ አይጀምርም።

ፈረስ ለእኛ ቀልድ አይደለም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ለጀግና በቅሎ ከነጌጡ ይሸለም ነበር፤ ያንን ጌጥ ገበያ ሄዶ የሚገዛ ሀብታም ቢኖርም እንኳ የሚያየው ሁሉ ልዩነቱን ያውቃል። ጨዋታም እንዲሁ ነው። አውሬውን ገድለህ ያገኘኸው ጥሩርና በካርድ የገዛኸው ጥሩር ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ቢያበሩም ለያዛቸው ሰው አንድ አይደሉም። በጊዜው አንድ ዶላር ከ8 ብር ተኩል እምብዛም አይርቅም ነበርና የፈረሱ ልብስ ወደ 21 ብር ይመጣል። እኛ ቤት 21 ጨዋታ ነው፣ ፔናልቲውን ጨምሮ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ኳሱ መጣ። የኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ለፊፋ 09 ‹አልቲሜት ቲም› የሚባል ክፍል በተጨማሪ ክፍያ ሸጠ። ኳስ ተጫዋቾቹ በገንዘብ ተለይተው የሚገዙ አይደሉም፤ የታሸገ ጥቅል ትገዛለህ፣ ስትከፍተው ማን እንደሚወጣልህ አታውቅም። ከፊፋ 11 ጀምሮ መግቢያው ነጻ ሆነ፣ ጥቅሉ ግን መሸጡን ቀጠለ፤ ትርፉም ያለው ጥቅሉ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ያው ኩባንያ ሌላ ነገር ጀመረ። አዲስ ሲዲ ከገዛህ ውስጡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ታገኛለህ፤ ሲዲውን ለሌላ ሰው ብትሸጠው ሁለተኛው ገዥ በኢንተርኔት ለመጫወት 10 ዶላር ይጨምራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ተወው። እኔ ግን የማልረሳው ሐሳቡን ነው። አገራችን የሚገባው ማሽንና ሲዲ አብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲያልፍ የሚጎድል ዕቃ መሥራት ማለት ሁለተኛ እጅ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ ሁሉ ከቁጥር ማውጣት ነው።

እ.ኤ.አ. 2012 ግን ጣሳው የተገለበጠበት ዓመት ነው። ካፕኮም ‹ስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴከን› የተባለውን የድብድብ ጨዋታ በመጋቢት አወጣ። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ሲዲውን ከፍተው ሲበረብሩ 12 ተጨማሪ ተጋጣሚዎች ተሠርተው፣ ተጠናቀው፣ እዚያው ሲዲ ላይ ተቆልፈው ተገኙ። በኋላ በ20 ዶላር ሊሸጡ የተዘጋጁ ነበሩ። ተጫዋቹ ሲዲውን ገዝቶ ቤቱ አስገብቷል፣ ተጋጣሚዎቹም ቤቱ ናቸው፤ የሚከፍለው ለቁልፉ ነው። በዚያው ወር ‹ማስ ኢፌክት 3› በወጣበት ዕለት በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው አንድ ገጸ ባሕርይ ለብቻው በ10 ዶላር ተሸጠ። ሠሪዎቹ ይህን ክፍል የሠራነው ዋናው ካለቀ በኋላ ነው ብለው ተከራከሩ፤ የገጸ ባሕርይው ከፊሉ ግን ሲዲው ላይ ተገኘ። ቁጣው የበረታ ነበርና ካፕኮም አሠራሩን እንደገና እንደሚያጤን ተናገረ።

የእኔ ሚዛን የተለየው እዚህ ላይ ነው። ዋናውን ጨርሶ፣ ሸጦ፣ ከዚያ በኋላ ላቡን አፍስሶ የሠራውን አዲስ ነገር የሚሸጥ ሰው አልበደለም። እናቴም ሁለተኛ ጣሳ ስታሰፍር ሁለተኛ ዋጋ ትከፍል ነበር። ከሙሉው ቆርሶ፣ ቁራሹን ምርቃት አስመስሎ የሚሸጠው ግን ጣሳውን ቀጥቅጧል። የበደሉ ማረጋገጫ ዋጋው አይደለም፤ 2 ዶላርም 20 ዶላርም ቢሆን ጥያቄው ጣሳው ሙሉ ነበር ወይ የሚለው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጋሼ ቤት ገና ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ነበረች። ማሽኑ በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ፣ ሶኒ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ያቆመለት ማሽን ነው። በዚያው ዓመት ፔስ 2014 ሲወጣ ለዚህ አሮጌ ማሽንም ሲዲ ተሠርቶለት ነበር። ያ ሲዲ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ስምህን አይጠይቅም፣ አገርህን አይጠይቅም። ታስገባዋለህ፣ ይጫወታል።

ፕሌይስቴሽን 4 በየጌም ቤቱ መታየት የጀመረው በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ነው። የአንድ ጨዋታ ዋጋም ብር መሆኑ ቀርቶ ብሮች ሆነ። ዕቃው አብዛኛው የሚመጣው በዱባይ በኩል ነው። በዚያው ሰሞን በዓለም ላይ አንድ መልካም ነገር ታየ። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው የፖላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ‹ዊቸር 3›ን ሲያወጣ 16 ተጨማሪ ነገሮችን ለገዛ ሁሉ በነጻ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ክፍሎችን በ10 እና በ20 ዶላር ሸጠ፤ ሁለተኛው ለብቻው ሙሉ ጨዋታ የሚያህል ነበር። መጀመሪያ መረቀ፣ ቀጥሎ አዲሱን ሸጠ። ተጫዋቹም ከፈለ፣ አመሰገነም። ይህ ንግድ በትክክል ሊሠራ አይችልም የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምጠቅሰው ይህንን ነው።

ታናሽ ወንድሜ በ2008 ዓ.ም. ማትሪክ በጥሩ ውጤት ሲያልፍ ዋሽንግተን ያለው አጎታችን ስጦታ ሊልክለት ፈለገ። አጎቴ ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ሰው ነው። ወንድሜ ያኔ የሚወደው ጨዋታ ነበረው፤ ስሙን አልጠራውም። ለጨዋታው አዲስ የታሪክ ክፍል ወጥቶ ነበርና ከቁርስ ገንዘቡ እያጠራቀመ የገዛው ሲዲ ላይ ይህንኑ ሊጨምርበት አሰበ። ከአዲስ አበባ መግዛት አይቻልም፤ አገራችን በፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት ሱቅ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ወንድሜ አሜሪካ የሚኖር ሰው ሆኖ ተመዘገበ። አጎቴ የ20 ዶላር ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን ፋቀና ፎቶውን በቫይበር ላከው። ወንድሜ ገዛው። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለነበር ለማውረድ ሁለት ሌሊት ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ጨዋታውን ከፈተ፣ አዲሱ ክፍል ግን የለም። ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ ተከፍሎበታል፣ ጨዋታው ግን አያየውም። ሲዲው ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የተሠራ፣ የወረደው ደግሞ ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። ሲገዛ ይህን የነገረው ማንም የለም።

‹‹ገዝቼዋለሁ እኮ›› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ቅዳሜ ማታ አጎታችን ደወለ፤ ‹‹ተጫወትክበት ወይ?›› ሲለው ‹‹አዎ፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ›› ብሎ መለሰ። ሰውየው ደስ ብሎት ስቆ ስልኩን ዘጋ። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርነውም።

በፈረንጆቹ 2017 ነገሩ ጫፍ ላይ ደረሰ። በእኛ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር 15 በመቶ ተቀንሶ አንድ ዶላር ወደ 27 ብር ተጠጋ። በሚቀጥለው ወር ኤሌክትሮኒክ አርትስ ‹ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2›ን ለገበያ አቀረበ። ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ጨዋታ ውስጥ ዋነኞቹን ጀግኖች ለማስከፈት 60,000 ነጥብ ይጠይቅ ነበር፤ አንድ ተጫዋች አስልቶ በአንድ ጀግና 40 ሰዓት እንደሚፈጅ አሳየ። ጊዜ የሌለው ይክፈል፤ የሚከፍለውም ለጀግናው ሳይሆን ውስጡ ለማይታወቅ ሳጥን ነው። ኩባንያው ሬዲት ላይ የሰጠው ማብራሪያ ከ600,000 በላይ ተቃውሞ ተመዘገበበት። መጀመሪያ ዋጋውን በ75 በመቶ ቀነሱ፣ ጨዋታው ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩ ደግሞ በገንዘብ መግዛቱን አቆሙ። በሚቀጥለው ሚያዝያ የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ፊፋ 18ን ጨምሮ በሦስት ጨዋታዎች ውስጥ ቁማር ናቸው ሲል ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መጨረሻ የፊፋ ነጥብ ሽያጭ ቤልጂየም ውስጥ ቆመ። ኔዘርላንድስ ግን የጣለችው የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት እ.ኤ.አ. በ2022 በፍርድ ቤት ተሻረ። ሕግ ገና አልተስማማበትም።

እኔ ግን የሳጥኑን ነገር ለማወቅ ቤልጂየም መሄድ አላስፈለገኝም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በየመንገዱ ዳር ተተከሉ። ትናንት ጌም ቤት የማውቃቸው ልጆች ቲኬት ጨብጠው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ሲያዩ እመለከት ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ጥቅል የሚከፍት ልጅ ፊት ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ጋሼ ቤት የሚጠፋው ብር አንድ ጨዋታ ይገዛል፤ ይህኛው የሚገዛው ምናልባትን ነው። ውርርድ ቤቱ በር ላይ ቢያንስ ዕድሜ ይጠየቃል ይባል ነበር፤ ኳስ ጨዋታው ግን ለሕፃናት ይሸጣል። በዚህ አንድ ነገር ላይ ቃሌን ማለስለስ አልችልም። ለልጅ ‹‹ምናልባት››ን መሸጥ በደል ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። የቅጠል ሸክም ሲወርድበት ባደግንበት ተራራ ላይ ዚፕ ላይን፣ ጎ ካርት፣ ቀስት ማነጣጠሪያና የሚጋለብ ፈረስ መጣ። እያንዳንዱ ለየራሱ ይከፈልበታል። ዲኤልሲ በሰፈሬ መልክ ቢሠራ ይህን ይመስላል ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞም በደል አላየሁበትም። ፈረሱን ያልከራየ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ባህር ዛፉን ያሸታል፣ ከተማዋን ከላይ ቁልቁል ያያል። ተራራው አልተቆረሰም። ፈረሱን የሚቀልብ ሰው አለ፤ ደመወዙን ማግኘት አለበት።

ስለ ሠሪው ሳስብ የሚመጡብኝ የራሳችን ልጆች ናቸው። በዳዊት አብርሃም የሚመራው ቅኔ ጌምስ ‹ኩኩሉ›ን ሠርቷል፤ ከሚያርዳት ገበሬ ቢላ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት የስልክ ጨዋታ ነው። ቀጥሎ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከጋና፣ ከኬንያ፣ ከካሜሩንና ከሌሎች አገሮች ሠሪዎች ጋር ሆኖ የአፍሪካ ጌም ሠሪዎች ቡድን መሥራች አባል ሆኗል። ዶሮዋ የምትሮጥበትን የእርሻ መንገድ የሚስል ልጅ፣ የገበጣውን ጠጠር ድምፅ የሚቀርጽ ልጅ እንጀራ ይበላል፣ ቤት ይከራያል። ሁሉን ነገር በነጻ ካላገኘሁ የሚል ተጫዋች ይህን ልጅ ይጎዳዋል። ስለዚህ ተጨማሪ ክፍል ሠርተው በብር ቢሸጡልኝ እከፍላለሁ፣ በደስታ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከትሏል። ለአገር ልጅ ሥራ ለመክፈል የሚያስፈልገው መንገድ በስልካችን ውስጥ ገብቷል።

የውጪው በር ግን አልተከፈተም። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ዋዜማ የሆነው ነገር ይህንን ገሃድ አወጣው። ‹ሄልዳይቨርስ 2› የተባለው ጨዋታ በጥር መጨረሻ በኮምፒውተር ላይ ሲሸጥ ከብዙ አገሮች ሰው ገዝቶ ይጫወት ነበር። በስቅለት ሰሞን ሶኒ አንድ ማሳሰቢያ አወጣ፤ ሁሉም ተጫዋች ከፕሌይስቴሽን ኔትወርክ መለያ ጋር ይገናኝ። መለያው የማይሰጥባቸው አገሮች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሱቅም ጨዋታውን ከ177 አገሮችና ግዛቶች ገበያ አወረደው። ከእነሱ መካከል ኢትዮጵያ አለችበት። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሦስት ወር ተጫውቶ፣ አገሩ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ብቻ ሊዘጋበት የነበረ ሰው ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ተጫዋቾች፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትም ጭምር፣ ተነሱ። እኛ የፋሲካ ዶሮ ወጥ በልተን በማግስቱ ስንነሳ ሶኒ ማሳሰቢያውን አንስቶ ነበር። ከሱቅ የወረደው ጨዋታ ግን አብሮ ወዲያው አልተመለሰም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ‹ጎስት ኦፍ ሱሺማ› ለኮምፒውተር ሲወጣም ለእነዚያ አገሮች አልቀረበም።

የሌላው ዓለም ተጫዋች ‹‹ለምን ትሸጥልኛለህ?›› ብሎ ሲቆጣ እኛ ‹‹ለምን አትሸጥልኝም?›› እያልን ነበር። ሁለቱ ቁጣዎች የሚጋጩ ይመስላሉ፣ አይጋጩም። ሁለቱም የሚሉት ገንዘቤን ከተቀበልክ ሙሉውን ስጠኝ ነው። እዚህ አገር ያለ ልጅ የሲዲውን ዋጋ እኩል ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ግማሹ ጨዋታ ያለበት ክፍል በር ላይ ስሙ የለም። ለአሜሪካዊው ዲኤልሲ ውድ ወይም ርካሽ ነው፣ ለእኛ የማይደረስበት ነው፤ ወይም ውሸት ተናግረን፣ ዱባይ ወይም ቴክሳስ ነን ብለን፣ በቴሌግራም ካርድ ከሚሸጥ ሰው በጭማሪ ገዝተን የምናገኘው ነው። ልጆቻችን የመጀመሪያውን መስመር ሲሞሉ አገራቸውን መካድ ይማራሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከዋጋውም ይበልጥ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር በላይ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ዘለለ፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። 10 ዶላር የሚሸጠው የኳስ ነጥብ አንድ ሺህ ብር ሆነ። በቴሌግራም ካርድ የሚሸጡት ልጆች ዋጋቸውን በቀን ሁለት ጊዜ እየቀየሩ ለጠፉ።

ባለፈው ጊዜ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ የጋሼ በር ክፍት ስለነበር ጎራ አልኩ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ቤቱ ግንብ ሆኗል፣ ቴሌቪዥኖቹ ቀጥነው ግድግዳ ላይ ወጥተዋል። ሁለት ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ ከማጠናከሪያ ትምህርት መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር በጣም በዝግታ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አዲስ አፕዴት ነው። ካልወረደ ጨዋታው አይከፈትም፣ ጋሼ ሌሊት የገዛው የኢንተርኔት ፓኬጅ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ትንሹ ልጅ አምስት ጣቱን ዘርግቶ የያዘውን ብር በሌላው እጁ ያሻሸዋል።

ጋሼ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ ጥቁሩ፣ አሮጌው ማሽን ነው። ገመዱን ሰካ፣ ሲዲውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አስገባበት። ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። ማሽኑ ጥቂት አንኳኳና ተነሳ። ሜሲ ገና ባርሴሎና ነው። ከክብሪት ቀፎው ውስጥ ሜሞሪ ካርዱን እያወጣ ወደ ልጆቹ ዞረ።

‹‹ተራው የማን ነው?›› አላቸው።